የቆጡና የብብቱ

ሰው ሃምሳን ሲሻገር የሞተ አባቱን ዕቃ መፈተሽ ያበዛል መሰለኝ። እኔም ባለፈው ክረምት የአባቴን ሣጥን ስበረብር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለች የእጅ ሰዓት አገኘሁ። ሴይኮ ናት። ከማስተካከያዋ በላይና በታች ሁለት ቁልፎች አሏት። የላይኛውን ሲጫኑት ረጅሙ ሰከንድ ቆጣሪ ይነሣል፤ ደግመው ሲጫኑት ይቆማል፤ የታችኛው ቁልፍ ደግሞ ወደ ዜሮ ይመልሰዋል። አባታችን ልጆች ሳለን ከቤት እስከ ሱቅ ሮጠን የምንመለስበትን በዚህችው ሰዓት እየያዘ ያሽቀዳድመን ነበር። ያኔ ፊቷ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነበር፤ ዛሬ ዳር ዳሩ ወደ ቡናማ ሄዷል።

አንድ የማውቃቸው ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኳት። ሽማግሌው አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው አገላብጠው አዩአትና፣ “መምህር፣ ማሽኗ ደህና ነው፤ ዘይት ደርቆባት ነው። ፊቷን ቀለም አስቀብቼ፣ ቤቷን አስወልውዬ አዲስ ላድርግልህ?” አሉኝ። ደስ አለኝ። ማታ ዋሽንግተን ለሚኖረው የእህቴ ልጅ በስልክ ብነግረው ግን ጮኸብኝ።

“ጋሼ! በማርያም እንዳታስነካት!”

ለካስ ልጁ በትርፍ ጊዜው አሮጌ ክሮኖግራፍ ይሰበስባል። እንደ አባቴ ያሉትን፣ ቁልፍ ተጭነው የሚያስነሷቸውንና የሚያቆሟቸውን ሰዓቶች ማለት ነው። ሰብሳቢ መጀመሪያ የሚያየው የሰዓቱን ፊት ነው አለኝ። በፀሐይ ብዛት ጥቁሩ ወደ ቡናማ የተለወጠ ፊት “ትሮፒካል” ተብሎ ካልደበዘዘው ይበልጥ ይፈለጋል። በጨለማ የሚያበራው ቀለም ዕድሜ ጠግቦ ቢጫ ቢሆንም አይፋቅም። ቤቱ ከተወለወለ ማዕዘኑ ይሟሟል፤ ዋጋውም አብሮ ይሟሟል። ከተለያዩ ሰዓቶች ዕቃ ተለቃቅሞ የተገጣጠመውንማ በዚያ ጭራቁን በፈጠረው የልቦለድ ሰው ስም “ፍራንከን” ይሉታል።

“አየህ ጋሼ፣ አዲስ ሰዓት የፈለገ ሱቅ ሄዶ ይገዛል። እኛ የምንፈልገው የኖረ ሰዓት ነው” አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና መጀመሪያ የያዘኝ ስሙ ነው። ክሮኖግራፍ ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ “ጊዜ ጸሐፊ” እንደማለት። ዘይቤ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ሴፕቴምበር 1 ቀን 1821 ፓሪስ፣ ሻን ደ ማርስ በተባለው ሜዳ በተደረገ የፈረስ እሽቅድምድም ላይ ኒኮላ ሪዩሴክ የተባለ ሰዓት ሠሪ ያቀረበው መሣሪያ እውነትም ይጽፍ ነበር። ፈረሶቹ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርሱ በሚዞረው ፊት ላይ ጠብ የሚል የቀለም ነጥብ ያኖራል። ሪዩሴክም ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የመጀመሪያው ሲባል ኖረ። በኋላ ግን ሉዊ ሟኔ የተባለ ሌላ ፈረንሳዊ ለከዋክብት ምርምሩ በ1816 የሠራው መሣሪያ በጨረታ ብቅ ብሎ፣ በ2013 ይፋ ሲሆን ማዕረጉ ወደ እርሱ ዞረ። ልብ አድርጉልኝ፤ የታሪክ መጽሐፉን ያረመው ሳይጣል የቀረ አንድ ዕቃ ነው።

መሣሪያው ከኪስ ወደ እጅ የተዛወረው በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ያልደረሰበት የለም። ከአውሮፕላን አብራሪው፣ ከመኪና ተወዳዳሪው እጅ አልፎ በጁላይ 1969 በበዝ ኦልድሪን ክንድ ላይ ታስሮ ጨረቃን ረግጧል። የእኛም ስም ከዚህ ታሪክ ጥግ አለበት። የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ይፋዊ ሰዓት ያዥ ሴይኮ ነበር። ኩባንያው የጃፓን የመጀመሪያ የሆነውን የእጅ ክሮኖግራፍ ያወጣውም በዚያው ዓመት ነው። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ የጨረሰው በዚያ ውድድር ነው። ከነጥብ በኋላ ያለችውን ያቺን 2 ቁጥር ስንቶቻችን ልብ ብለናታል?

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። 1969 ለሰዓት ሠሪዎች የጉድ ዓመት ነበር። በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ክሮኖግራፍ ለመሥራት ሦስት ወገኖች ይሽቀዳደሙ ነበር። አንዱ ዜኒት የተባለው የስዊስ ፋብሪካ ነው፤ ሁለተኛው ሆየርና ብራይትሊንግ ያሉበት ኅብረት ነው፤ ሦስተኛው ሴይኮ ነው። ሁሉም በዚያው ዓመት ደረሱ። የዜኒት ማሽን “ኤል ፕሪሜሮ” ተባለ፤ በሰዓት 36,000 ጊዜ የሚመታ፣ የሰከንድን አንድ አሥረኛ የሚለካ። ገና ሳይጨፍሩ ግን፣ በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ የገና ዕለት፣ ሴይኮ በባትሪ የሚሠራ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ቶኪዮ ላይ ለገበያ አወጣ። መጀመሪያ ዋጋው የአንዲት አነስተኛ መኪና ያህል ነበር። ውሎ አድሮ ግን ረከሰ፤ ከጥርስና ከምንጭር ብረት የተሠራውን ሁሉ በትክክለኛነት በለጠው። በስዊዘርላንድ በ1970 ወደ 90,000 የሚጠጋ ሰው ከሰዓት ሥራ እንጀራውን ይበላ ነበር፤ በሰማንያዎቹ አጋማሽ የቀረው ወደ 30,000 ገደማ ነው።

ዜኒትም በዚያ መሐል ለአሜሪካ ኩባንያ ተሸጦ ነበር። በ1975 ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ የድሮው ሰዓት ማሽን ሥራ ይቁም፣ መሣሪያዎቹም ይወገዱ ተባለ። ለ ሎክል በምትባለው ከተማ በፋብሪካው ይሠራ የነበረ ሻርል ቬርሞ የተባለ ባለሙያ ይህን አልተቀበለም። ለአለቆቹ አቤት ቢልም የሰማው አልነበረም። ስለዚህ ሰው ሳያይ፣ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ መቁረጫዎቹንና ቅርጽ ማውጫ ብረቶቹን እየተሸከመ ፋብሪካው ጣራ ሥር ካለው ቆጥ አወጣቸው። እያንዳንዱን ዕቃ ስም ለጥፎ፣ የአሠራሩን ቅደም ተከተል በጽሑፍ መዘገበ። ከዚያ ዝም አለ።

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” እንላለን። አለቆቹ የዘመኑን ሲያወርዱ በብብታቸው የያዙትን ሊጥሉ ነበር። ቬርሞ የብብቱን ቆጥ ላይ ሰቀለው።

በሰማንያዎቹ ዓመታት ሰው ወደ ባለጥርሱ ሰዓት መለስ ሲል፣ ዜኒት ኤል ፕሪሜሮን እንደገና መሥራት ፈለገ። ቬርሞ ቆጡን አሳያቸው። በ1988 ሮሌክስ ለዴይቶና ሰዓቱ የመረጠው ያንኑ ማሽን ነበር። ዴይቶና ራሱ በስልሳዎቹ ሲወጣ እምብዛም የማይሸጥ ዕቃ ነበር። በ2017 ግን ተዋናዩ ፖል ኒውማን እጁ ላይ አስሮት የኖረው ዴይቶና ኒው ዮርክ ውስጥ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጫረተ። ጀርባው ላይ ሚስቱ በጥንቃቄ ንዳ የሚል መልእክት አስቀርጻበታለች። በበኩሌ ገንዘቡ አያስደንቀኝም፤ ባለጠጋ ይከፍላል። የሚያስደንቀኝ ቆጥ ላይ ለሰቀለው ሰው በዚያን ቀን አንድም ሳንቲም ያልታሰበለት መሆኑ ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ ከቬርሞ ይልቅ ለእነዚያ አለቆች እቀርባለሁ።

ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ አስተምርበት በነበረው ተቋም የንብረት አወጋገድ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ኮምፒዩተሮች ስለመጡ ክፍል ማስለቀቅ ነበረብን። በመጋዘኑ ከእኛ በፊት የነበሩ ተማሪዎች በየአገራቸው ሄደው የቀዱት የቴፕ ክምር ነበር። የአልቃሽ ሙሾ አለ፤ የአዝማሪ ግጥም አለ፤ የሽማግሌ ተረት አለ። አንዱ ላይ በእርሳስ “መንዝ፣ ሙሾ” ተብሎ እንደተጻፈበት እስካሁን ትዝ ይለኛል። ማጫወቻው ተበላሽቶ ስለነበር በቃለ ጉባኤው ላይ “ለመሥሪያ ቤቱ አገልግሎት የማይሰጡ በመሆናቸው እንዲወገዱ” ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ፈረምኩም። የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሴት፣ በሩ ላይ ጠብቀውኝ፣

“መምህር፣ እኔ ቤት አልጋ ሥር ቦታ አለኝ። ላስቀምጣቸው?” አሉኝ።

“እትዬ፣ መመሪያው አይፈቅድም” አልኳቸው።

እውነቴን ነበር፤ መመሪያው አይፈቅድም። የቬርሞንም ፋብሪካ መመሪያ አይፈቅድም ነበር። ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ተመራማሪ መጥቶ ስለነዚያ ቅጂዎች ሲጠይቀኝ “የሉም” ከማለት በቀር ማን እንዳስወገዳቸው አልነገርኩትም። ዛሬ እነሆ ነገርኩት።

የአባቴ ሰዓት ታችኛዋን ቁልፍ ሲጫኗት ሁሉን ወደ ዜሮ ትመልሳለች። ቃለ ጉባኤ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም።

በማግሥቱ ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ዘንድ ተመለስኩ።

“ዘይቷን ብቻ” አልኳቸው።

“ፊቷስ?”

“ይቅር።”

“ሥራ እየቀነስክብኝ ነው” ብለው ሳቁና ሸኙኝ። ሰዓቷ አሁን እጄ ላይ ናት፤ በቀን ሁለት ደቂቃ ያህል ትቀድማለች፤ ተውኳት።

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ የአወጋገድ ኮሚቴ አባል የሆናችሁ አንባቢዎቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ግምጃ ቤቱን ጎራ በሉና ጠይቁ። አልጋው ሥር ቦታ ያለው ሰው አይጠፋም።