ሃድሰን ሆርኔት፦ አሮጌ ሞተርን የማስተካከል ጥቅምና ገደብ

እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካው ናስካር ታላቁ ምድብ ከተካሄዱት 34 የመኪና እሽቅድድሞች 27ቱን ያሸነፈው ሃድሰን ሆርኔት ነበር። በ1954 ግን አምራቹ የዲትሮይት ኩባንያ ራሱን ችሎ መቆም ተስኖት ከናሽ ኬልቪኔተር ጋር ተዋሐደ። ድሉም ውድቀቱም ከአንድ አሮጌ ሞተር ጋር የተያያዙ ናቸው።

የሆርኔት ሞተር 5 ሊትር ገደማ መጠን ያለው፣ ስድስት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ነበር። ቫልቮቹ የሚገኙት ከሲሊንደሮቹ ጎን በብሎኩ ውስጥ ነው፤ ይህ አሠራር መኪናው የ1951 ሞዴል ሆኖ ሲቀርብ ዘመን አልፎበት ነበር። ኦልድስሞቢልና ካዲላክ በ1949፣ ክራይስለርም በ1951፣ ቫልቮቻቸው በቴስታታው ላይ ወደተተከሉ ባለስምንት ሲሊንደር ሞተሮች ተሻግረዋል። ሃድሰን ያለውን ማስተካከል መረጠ።

ሥራው ያተኮረው በአየርና በቤንዚን አገባብ ላይ ነው። በረጅም ሞተር መካከል የተቀመጠ አንድ ካርቡሬተር ለመካከለኞቹ ሲሊንደሮች ቅርብ፣ ለዳርቻዎቹ ሩቅ ስለሆነ ድብልቁ በእኩል አይዳረስም። ዳርቻዎቹ እንዳይራቡ ለሁሉም ቤንዚን ሲጨመር መካከለኞቹ ከሚፈልጉት በላይ ይጠጣሉ። በ1952 የቀረበው «ትዊን ኤች ፓወር» ሁለት ካርቡሬተሮችን በማሰለፍ ርቀቱን አሳጠረ። የሲሊንደሮቹ የመቀጣጠል ተራ 1-5-3-6-2-4 በመሆኑ የፊተኞቹ ሦስቱና የኋለኞቹ ሦስቱ እየተፈራረቁ ይስባሉ፤ ጫናውም በሁለቱ ካርቡሬተሮች መካከል ይመጣጠናል።

ይህ መመጣጠን የብልጭታውን ጊዜም ይነካል። ድብልቁ ተቃጥሎ ለመጨረስ ጊዜ ስለሚወስድ ካንዴላው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ብልጭታ መስጠት አለበት፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥርም ይበልጥ መቅደም ይኖርበታል። ከዘገየ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫው ይባክናል፤ ከመጠን በላይ ከቀደመ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ፒስተኑም ይጎዳል። ዲስትሪቢውተሩ ለስድስቱም አንድ ስለሆነ ልኩን የሚወስነው ለማንኳኳት ቀድሞ የሚጋለጠው ሲሊንደር ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ አሳሪው ገደብ እርሱ ነው። ድብልቁ ሲስተካከል ገደቡ ይላላል፤ ለሁሉም የሚስማማ ጊዜ መምረጥም ይቀላል።

ሆኖም በማስተካከል የማይላላ ሌላ ገደብ ነበር። ቫልቮቹ በጎን በሆኑበት ሞተር አየሩ ተጠማዝዞ ይገባል፤ ድብልቁን ጨምቆ የማቃጠል አቅሙም ውስን ነው። የሆርኔት ኃይል በ1951 ከነበረበት 145 የፈረስ ጉልበት በ1954 በሁለት ካርቡሬተር 170 ደረሰ። በእነዚያው ዓመታት የክራይስለር ትልቁ ሞተር ከ180 ወደ 235 ወጣ።

ሃድሰን የነበረውን ውስን ካፒታል ጄት ለተባለች ትንሽ መኪና አዋለው። በ1953 የወጣችው ጄት ዋጋዋ ከትልልቆቹ ፎርድና ሼቭሮሌት ጋር ስለሚቀራረብ በቂ ገዢ አላገኘችም። በፎርድና በሼቭሮሌት መካከል የተነሣው የሽያጭ ፉክክር ደግሞ ትንንሾቹን አምራቾች አዳከመ። በ1954 የሃድሰን ምርት በዲትሮይት ተቋረጠ። በ1955 ሆርኔት የሚለውን ስም የያዘው መኪና በዊስኮንሲን በናሽ አካል ላይ የተሠራ ነበር፤ በአማራጭነት የቀረበው ባለስምንት ሲሊንደር ሞተርም ከፓካርድ የመጣ ነው።

ያለውን ማስተካከል የከሸፈ ስልት አልነበረም፤ በአነስተኛ ወጪ ለጥቂት ዓመታት ተወዳዳሪነትን አስገኝቷል። ዋናው ጥያቄ በእነዚያ ዓመታት ምን ተሠራ የሚለው ነው። ዋንጫዎቹ በበዙ ቁጥር አዲስ ሞተር ያስፈልጋል ብሎ መከራከር ይከብዳል። የአንድን የመንግሥት ድርጅት ማሻሻያ የሚመዝን ሰውም የተገኘው መሻሻል የነባሩን አሠራር ጣሪያ ከፍ ያደረገ መሆኑን ሊጠይቅ ይገባል፤ ካላደረገም፣ ተተኪው መቼና በምን ገንዘብ እንደሚገነባ።