ሁለት ጊዜ የበሰለ ስንቅ

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲነገር ስለ ግንቡ፣ ስለ በሮቹና ስለ ጦርነቱ ብቻ መናገር የተለመደ ነው። የሐረርም ነገር ሲነሣ፣ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ጀጎል የከተማዪቱ መለያ እንደ መሆኑ መጠን፣ ብዕር ሁሉ ወደ እርሱ ያዘነብላል። ነገር ግን የታሪክ ምስክር በማጀትም ውስጥ መኖሩን በአቦከር ከአንዲት እናት ምድጃ አጠገብ ተቀምጠን ተረድተናል።

እኒህ እናት ለእንግዳ የሚያቀርቡት ደረቅ ብስኩት አሠራሩ እንዲህ ነው። የስንዴ ዱቄት ከስኳርና ከእንቁላል ጋር ይለወሳል፤ ተቆልቶ ልጣጩ የወጣለት ለውዝ ይጨመርበታል፤ ሞላላ ተደርጎም ከላይና ከታች ፍም ባለበት ድስት ውስጥ ይጋገራል። ከዚያም ጥቂት በርዶ በስለት ይቆረጥና ዳግመኛ ወደ እሳት ይመለሳል። ሁለተኛው እሳት የቀረውን እርጥበት ያወጣዋልና ብስኩቱ ሲነክሱት ኩርሽም ይላል፤ ብዙ ቀንም ሳይሻግት ይቆያል።

ይህን የመሰለው ምግብ በኢጣልያ ቢስኮቲ ይባላል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «ሁለት ጊዜ የበሰለ» ማለት ነው። እኛም አንድ ጊዜ ብቻ የሚጋገረውን ሳይቀር «ብስኩት» የምንልበት ስም ሥሩ ይኸው ነው። በፕራቶ ከተማ አንቶኒዮ ማቴዪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ካቆመው መጋገሪያ ስሙ የወጣው ዓይነት በዛፍ የሚያፈራው ለውዝ ያለበት ነው። የአቦከሩ ግን ከሐረር በስተ ምሥራቅ በባቢሌ ምድር የሚበቅለው ኦቾሎኒ ነው። ዐረቦች ለዛፉ ፍሬ የሰጡት ስም በእኛ ዘንድ ወደ ምድሩ ፍሬ ተሻግሯልና ሁለቱም «ለውዝ» ይባላሉ።

ኢጣልያኖች ሐረርን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራ ይዘው ስለ ነበር፣ ይህ ሙያ የእነርሱ ትሩፋት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ስሙ ከውጭ ቢመጣ እንኳ ሐሳቡም ከውጭ መጣ ለማለት እንቸገራለን። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ የሚያወርደው መንገድ በግመል የሚታለፍ በረሃ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጉዞ የሚበጀው ውሃው የወጣለት ስንቅ ነው። ያገራችን ሴቶች ዳቦ ቆሎውን፣ በሶውንና ድርቆሹን ያዘጋጁት ይህንኑ ዐውቀው ነው። ድርቆሽማ ከምጣድ ወጥቶ ዳግመኛ በፀሐይ የሚደርቅ እንጀራ ስለ ሆነ፣ ሁለተኛው እሳቱ ፀሐይ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ የታሸገ ብስኩት በየሱቁ ሞልቷል፤ የበረሃ ስንቅ የሚያሰናዳም ጥቂት ነው። እኒህን እናት መጠኑን ብንጠይቃቸው፣ «እጄ ያውቀዋል፣ ልጄ» ብለው መለሱልን። ለውዙን ሲለቅሙም የጠቆረውንና የተጨማደደውን እያወጡ ይጥሉ ነበር። በእርጥበት የሻገተ ለውዝ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ እንደሚያፈራ፣ መቁላትም ብቻውን እንደማያጠፋው የዛሬ ሳይንስ አረጋግጧል፤ እርሳቸው ግን ከእናታቸው ነው የተማሩት። ከልጆቻቸው አንዱም ምድጃው አጠገብ አልነበረም።

ጀጎልን ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የማጀቱን ዕውቀት መመዝገብ ግን የእኛ ፈንታ ነው። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች እናቶቻቸው በሕይወት ሳሉ ጠይቀው ይጻፉት እንላለን።