ረጅም ቪዲዮን በመሣሪያ የማሳጠር ጥበብ

ረጅም ፊልምን አሳጥሮ ፍሬ ነገሩን ማስቀረት ለብዙ ዘመን የአቀናባሪው ዐይንና የመቀሱ ሥራ ነበር። ሥራው ወደ ኮምፒዩተር መሸጋገር የጀመረው የቴሌቪዥን ክምችት ሰው ተቀምጦ አይቶ ሊጨርሰው ከሚችለው በላይ በበዛ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ አንዱ ቀረጻ አልቆ ሌላው የሚጀምረው የት ላይ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 በሲንጋፖር ሆንግጂያንግ ዣንግና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ተከታታይ ምስሎች እየተነጻጸሩ፣ ልዩነታቸው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ቀረጻው እንደተለወጠ ተቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኢንፎርሚዲያ ደግሞ ንግግሩንም ጨመረ። ማይክል ስሚዝና ታኬዎ ካናዴ ቁልፍ ቃል የተነገረበትን፣ የሰው ፊትና ጽሑፍ የታየበትን ክፍል ለይተው በማያያዝ አጭር ቅንብር አወጡ።

እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን የሦስተኛው ትውልድ የስልክ አገልግሎት ሲጀመር ቪዲዮ ወደ መዳፍ ለመግባት መንገድ አገኘ። የስክሪኑ ጥበት፣ የባትሪው ዐቅም፣ የመስመሩ ክፍያና የተመልካቹ ጊዜ ማጠር የማሳጠርን አስፈላጊነት አጎሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 ኤኪን፣ ተካልፕና መህሮትራ ለእግር ኳስ ባቀረቡት ዘዴ የሣሩ ቀለም ምስሉን የሸፈነበት መጠን የሩቁን ቀረጻ ከቅርቡ ይለያል፤ የዳኛው ልብስ፣ የፍጹም ቅጣት ምት ክልል መስመሮችና በዝግታ የሚደገመው ምስልም ዐቢዩን ድርጊት ያመለክታሉ። ይሁን እንጂ በሩቅ ቀረጻ ኳሷ በስልክ ላይ ነጥብ ስለምታክል፣ ጊዜውን ማሳጠር ብቻውን አይበቃም፤ የምስሉንም ዋና ክፍል ቆርጦ ማጉላት ያስፈልጋል።

ዘዴዎቹ ሲበዙ የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ ተነሣ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2008 ባዘጋጀው ውድድር ገና ያልተቀናበሩ የቢቢሲ ቀረጻዎች ወደ መቶ ሁለት እጅ እንዲያጥሩ ተጠየቀ። ያለ አንዳች ምርጫ በ50 እጥፍ ፍጥነት የተሮጠው መነጻጸሪያ ቅንብር ድርጊቶችን ባለመዝለል ረገድ ከቀዳሚዎቹ ተሰለፈ፤ ለማየት ግን አድካሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ኦታኒና ባልደረቦቹ፣ ክፍሎች በዕጣ የተመረጡበት ቅንብር እንኳ ከሠለጠኑት ዘዴዎች ጋር የሚቀራረብ ነጥብ ሊያገኝ እንደሚችል አሳዩ። ለነጥቡ ከምርጫው ይልቅ የቪዲዮው አከፋፈል የበለጠ ድርሻ ነበረውና።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ለባለሙያ ከባድ ነው። ጎሉን ብቻ የሚሻ ደጋፊና የቡድኑን አሰላለፍ የሚያጠና አሠልጣኝ ከአንድ ጨዋታ አንድ ዓይነት ቅንብር አይፈልጉም። በስልኩ የሚመለከት ሰውም አጭሩን አይቶ ሙሉውን ሳያይ ሊቀር ይችላልና፣ የተዘለለው ነገር ለእርሱ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ስለዚህ የማሳጠሪያ መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያ ለማንና ለምን እንደሚያሳጥር አስቀድሞ መወሰን፣ ከአጭሩም ወደ ሙሉው ቀረጻ የሚመለስበትን መንገድ ለተመልካቹ ክፍት መተው ይገባዋል።