ጀልባዎቹን ተራራ ያወጣቸው ማነው?

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ታሪክ ሲወሳ ፊሸር፣ ጄሊኮ፣ ቢቲ የሚባሉት አድሚራሎች ስም ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል። እኛ የምናነሣው ግን ከነዚህ ተርታ የማይሰለፈውን፣ እኩዮቹ ሲሾሙ እሱ ባለበት የቀረውን ጄፍሪ ስፓይሰር-ሲምሰንን ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውዬው በ1876 በታስማኒያ ደሴት፣ በሆባርት ከተማ ተወለደ። በ14 ዓመቱ ባሕር ኃይል ገባ። ከዚያ በኋላ ያለው እንኳን ለሹመት ለወሬም አይመችም። የሚያዛት መርከብ ከጀልባ ጋር ተላተመች። ምዕራብ አፍሪካ ተልኮ የጋምቢያን ወንዝ ሲለካ ከረመ። ጦርነቱ በ1914 ሲፈነዳ በእንግሊዝ ጠረፍ ጥቂት ትንንሽ መርከቦች ተሰጡት፤ ኖቬምበር 11 ቀን ከነዚያው አንዷ ናይጀር በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ ስትሰጥም አለቃዋ የብስ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲያ ለንደን ውስጥ ከአንድ ጠረጴዛ ጀርባ አስቀመጡት።

በዚያን ጊዜ የታንጋኒካ ሐይቅ ምሥራቅ ዳርቻ የጀርመን፣ ምዕራቡ የቤልጅግ ኮንጎ፣ ደቡቡ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበር። የውኃው ጌታ ግን ጀርመን ነው፤ ኪንጋኒና ሄድቪግ ፎን ቪስማን የተባሉ ሁለት የታጠቁ መርከቦች ነበሩት። ታዲያ በ1915 ጆን ሊ የሚባል አንድ አዳኝ ለንደን መጥቶ፣ ሁለት ፈጣን የሞተር ጀልባዎች በባቡርና በጫካ አድርሰን ሐይቁን እንንጠቃቸው አለ። መሥሪያ ቤቱ ተስማማ። ማን ይምራው ሲባል፣ ሌላ ግንባር የማይፈልገው መኮንን ተገኘ።

ሰውዬው ጀልባዎቹን «ድመት» እና «ውሻ» ልበላቸው ቢል አለቆቹ እምቢ አሉ። እሱም ሚሚና ቱቱ አላቸው፤ በፈረንሳይ ሕፃናት አፍ ያው ድመትና ውሻ ማለት ነው! (ሚሚ ሲባል የሰፈሩ ልጅ ትዝ ያለው አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም።) ርዝመታቸው 12 ሜትር ነው፤ አንድ አንድ ትንሽ መድፍና መትረየስ ተጠምዶባቸዋል።

በጁን 1915 ከእንግሊዝ ተነሡ። ከኬፕታውን እስከ ፉንጉሩሜ፣ ኮንጎ፣ በባቡር ነው። ፉንጉሩሜ ላይ ሐዲዱ አለቀ። ከዚያ እስከ ሳንኪሲያ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ጫካ፣ ገደልና የሚቱምባ ተራሮች ናቸው። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ጀልባ ተራራ አይወጣም። መንገዱን በመቶ የሚቆጠሩ የአካባቢው ሰዎች እየመነጠሩ ቀደዱት፤ ከመቶ በላይ ድልድይ ከግንድ ተሠራ። ጎታቾቹ የእንፋሎት ትራክተሮች ዳገቱ ላይ ሲያቅታቸው በሬዎች ተጠመዱ፤ በሬዎቹ ሲያቅታቸው የሰው ክንድ ገመዱን ያዘ። ትራክተሮቹ ውኃ ሲጠሙ ደግሞ ሴቶች ከሩቅ በእንስራ ቀድተው አመጡላቸው። ያ የብረት ሆድ የሚጠጣው ውኃ በእናቶች ራስ ላይ ተጭኖ ነው የመጣው! ሴፕቴምበር 28 ቀን ሳንኪሲያ ደረሱ፤ ቀሪው መንገድ በባቡርና በወንዝ ነበር።

ውጊያውማ ምኑ ይወራል። ዲሴምበር 26 ቀን፣ እሑድ፣ ኪንጋኒ ብቅ አለች። መድፏ ወደ ፊት ብቻ የሚተኩስ ስለ ነበር ጀልባዎቹ ከኋላ መጡባት፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አዛዥዋ ሞቶ ተማረከች። ፊፊ ተብላም ለእንግሊዝ አደረች። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1916 ሄድቪግ ሰጠመች። ስፓይሰር-ሲምሰን ኮማንደር ሆነ፤ ኒሻንም ደረቱ ላይ ተንጠለጠለ። ሐሳቡን ያመነጨው ሊ ግን ገና ጉዞው ላይ ሳሉ ተባርሯል።

ስለዚህ ሰው የተጻፉ ትረካዎች ጉርድ ቀሚስ መልበሱንና ገላውን መነቀሱን አንሥተው ይስቃሉ። እኛም ስናነብ ስቀናል፣ ምን ይደረግ። ነገር ግን ለቀሚሱ ይህን ያህል ገጽ ሲተርፍ፣ ያንን መንገድ የቀደዱት በስም ሳይሆን በጅምላ «አገሬዎች» ተብለው ያልፋሉ። በሬዎቹ እንኳ ስንት እንደ ነበሩ ተቆጥሯል እኮ! በዚያው የምሥራቅ አፍሪካ ጦርነት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተሸካሚዎች በረሃብና በበሽታ አልቀዋል፤ ጦርነቱ ግን የነሱ አልነበረም።

በማግስቱ ግራፍ ፎን ጎትሰን የተባለችው ትልቋ የጀርመን መርከብ ከሐይቁ ላይ ታየች። መኮንኖቹ እንግጠማት ብለው ለመኑ፤ ስፓይሰር-ሲምሰን እምቢ አለ። ፈሪ ተባለ። በኛ ግምት ግን በእንጨት ጀልባ ከባድ መድፍ ላይ አለመሄዱ አእምሮው ቦታው መሆኑን ያሳያል። ቢስማርክቡርግ ላይ ያደረገው ሌላ ነው፤ በጁን 1916 የምሽጉን መድፎች አይቶ አፈገፈገ፣ ጀርመኖቹ በሌሊት አመለጡ፣ መድፎቹ የእንጨት ሆነው ተገኙ። ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ዳግመኛም ውጊያ አልመራም። ከ1921 እስከ 1937 ሞናኮ ላይ የዓለም አቀፉ የሃይድሮግራፊ ቢሮ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ሠራ፤ በ1947 ካናዳ ውስጥ ሞተ።

ጎትሰንስ? በጁላይ 1916 ጀርመኖቹ ሞተሯን ስብ ቀብተው ራሳቸው አሰጠሟት። እንግሊዞች በ1924 አወጧት፤ ከ1927 ጀምሮም ሊምባ ተብላ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሐይቁን ዳር ሰዎች ከነዓሣቸው፣ ከነበቆሏቸው፣ ከነልጆቻቸው ስታመላልስ ኖረች።