ዜና መዋዕል ዘራዲዮ 101.1 ዘሀገረ ኒውዮርክ

በዘመናት ጌታ በእግዚአብሔር ፈቃድ የኒውዮርክ ከተማን ራዲዮ የደብሊው ሲ ቢ ኤስ ኤፍ ኤምን ዜና እንጽፋለን። የዚህ ቤት ወዳጆች ነንና በደስታ እንጽፋለን።

ጣቢያው በ1934 ዓ.ም. በኅዳር ወር ተወለደ፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን የታላቅ ወንድሙን የኤ ኤሙን ድምፅ ተሸክሞ ኖረ። ኋላም ሮክ ሞከረ፤ አልጸናለትም።

በ1964 ዓ.ም. ሰኔ 30 ቀን ሕዝብ የወደዳቸውን የቀድሞ ዘፈኖች ሊያሰማ ተነሣ። ትናንት የተቀዳውን ብቻ የሚያሳድዱ ጎረቤቶች በበዙበት ከተማ ይህ የጥበበኞች ምክር ነበረ። እሑድ ማታ ዶን ኬ. ሪድ የዱዋፕን ዜማ ከሃያ ዓመት በላይ አሰማ፤ በየማዕዘኑ ቆመው ያለ መሣሪያ ይዘፍኑ የነበሩ ልጆች ሸምግለው ራሳቸውን በዚያ ሰሙ።

በ1974 ዓ.ም. ግንቦት 2 ቀን ኃያሉ ደብሊው ኤ ቢ ሲ ዘፈንን ትቶ ወደ ወሬ ገባ። የዚያ ቤት መኳንንት ማደሪያቸውን በእኛ ዘንድ አገኙ። «የማለዳ ከንቲባ» የተባለው ሃሪ ሃሪሰን አስቀድሞ በ1972 መጥቶ ነበር፤ ሕዝቡ ከዝን ብሩሲ የሚለው ብሩስ ሞሮው፣ ቀጥሎም ሮን ለንዲ፣ ዳን ኢንግራምም ተከተሉ። ከኤምፓየር ስቴት ሕንፃ አናት የሚወርደው ድምፃቸው ታክሲውንም ዳቦ ቤቱንም ሞላ። ሃሪሰን በ1995 ዓ.ም. በክብር ከሥራው ተሰናበተ፤ እንዲህ ያለ ማለዳ ለብዙ ጣቢያ አልተሰጠም።

በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 26 ቀን የማስታወቂያ ነጋዴዎች ጎልማሳ ሰሚ ፈለጉና፣ ጃክ የሚባል እንግዳ የዘፈን አቀራረብ በዙፋኑ ተቀመጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ግን እግዚአብሔር የሕዝቡን ኀዘን ተመለከተ። የቀድሞው አቀራረብ የመመለሱ ወሬ በሰኞ ተሰማ፤ በሐሙስ ሐምሌ 5 ቀን 1999 ዓ.ም. የቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል በሚከበርበት ዕለት፣ በዚያ አገር ሰዓት ከቀኑ 1 ከ1 ደቂቃ ሲሆን፣ ማለት ከጣቢያው ቁጥር ጋር በገጠመችው ደቂቃ፣ ባለቤቱ ወደ ቤቱ ገባ። በመጀመሪያ የተሰማው የቢች ቦይስ «ዱ ኢት አጌን» ነበረ። እንደ ገና እናድርገው ማለት ነውና ከዚህ የሚበልጥ አዋጅ ማን ያውጃል? ዳን ቴይለር ማለዳውን፣ ቦብ ሻነን ከሰዓት በኋላውን ተረከቡ። አባርሮት የነበረው ኩባንያ ራሱ በሩን እንዲከፍትለት ግድ ሆነበት፤ ጃክም በዲጂታሉ ሁለተኛ መስመር ላይ አንድ ማዕዘን ተሰጠው። ጣቢያውም ከከተማይቱ አውራ ጣቢያዎች ተርታ ዳግም ተሰለፈ።

የዱዋፕ ዜማዎች ብዙዎቹ ከተመለሱት ጋር አልተመለሱም።

በ2006 ዓ.ም. ስኮት ሻነን ማለዳውን ያዘ፤ በ2015 ታኅሣሥ ተሰናበተ። በመካከሉ፣ በ2010 ኅዳር፣ ቤቱ ኤንተርኮም ለሚባለው ኩባንያ ተላለፈ፤ ይህም በ2013 ኦዳሲ ተባለ። በ2016 ኩባንያው ዕዳ ከበደውና በፍርድ ቤት ደጅ ቆመ፤ በ2017 መስከረም ከዚያ ወጣ።

በዚያው በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ 20 ቀን ታላቅ ወንድሙ 880 ኤ ኤም ዜናውን ትቶ ለስፖርት ተሰጠ፤ መጠሪያውንም ለውጦ ደብሊው ኤች ኤስ ኪው ሆነ። ደብሊው ሲ ቢ ኤስ የሚለውን የአባቶች ስም በኒውዮርክ የራዲዮ ሞገድ ላይ ይዞ የቀረው ይህ የዘፈን ቤት ነው።