የጀሪካን ነገር

በቀደም ወደ ሚሌ የሚያስኬድ ጉዳይ ገጥሞኝ በአንድ ዘመዴ ፒክአፕ ሄጄ ነበር። ከካሶኒው ግራና ቀኝ ብረት አስበይዶ አራት ቢጫ ጀሪካን አስሮበታል፤ ሁለቱ ናፍጣ፣ ሁለቱ ውሃ። አራቱም ዱሮ የምግብ ዘይት የነበረባቸው ናቸው። ገዋኔን አለፍ እንዳልን ሞተሩ ጋለ። ሹፌራችን ኮፈኑን ከፍቶ፣ በረድ እስኪል ጠብቆ ውሃ ሊያወርድ ቢሄድ አንደኛው ጀሪካን ብረቱ ሲፈትገው ከርሞ ተቀዷል፤ ጠብታ የለውም። ሁለተኛውን ከፈተና አሸተተው። «ጋሼ፣ ይሄ ናፍጣ የነበረበት ነው» አለኝ። የምንጠጣውም ከዚያው ነበር እኮ!

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ደርሶ ውሃ እስኪሰጠን ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ ቆምን። እንግዲህ ጡረታ የወጣ የታሪክ አስተማሪ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ምን ያደርጋል? ያወራል። ለልጁ ያወራሁለትን ነው ለእናንተም የምጽፈው።

ራልፍ ባግኖልድ የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ (በፈረንጆቹ ነው) ከጓደኞቹ ጋር በፎርድ መኪና ከግብፅ ወደ ሊቢያ በረሃ ይገባ ነበር። አሸዋው መኪናውን ሲይዘው ሞተር ይፈላል፤ ራዲያተሩ ውሃውን በእንፋሎት ይተፋዋል። በረሃ ላይ ደግሞ ለመኪና የሚፈስ ውሃ ከሰው ጉሮሮ የተነጠቀ ነው። ሰውዬው ምን አደረገ? ግማሽ ድረስ ውሃ ያለበት ጣሳ ከመኪናው ጎን፣ መርገጫው ላይ አሰረና ከራዲያተሩ በቱቦ አገናኘው። እንፋሎቱ እዚያ ገብቶ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ከዚያ መኪናውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ማቆም ነው፤ ሞተሩ ሲበርድ ራዲያተሩ ውሃውን ራሱ መልሶ ይስበዋል። ዛሬ ኮፈን ስትከፍቱ ከራዲያተሩ አጠገብ የምታዩት ፕላስቲክ ዕቃ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በ1940 ባግኖልድ ከጠላት ጀርባ እየገባ የሚሰልል የበረሃ ጦር ሲያቋቁም ይህንኑ ጣሳ በጭነት መኪኖቹ ላይ አስገጠመ።

የውሃው ነገር እንዲህ ተፈታ፤ የቤንዚኑ ግን አልተፈታም። እንግሊዞች ቤንዚን የሚይዙት 18 ሊትር ገደማ በሚይዝ ስስ ቆርቆሮ ነበር። ወታደሩ ራሱ «ፍሊምዚ» ብሎ ሰየመው፤ ልፍስፍስ እንደማለት ነው። መኪና ላይ ተደራርቦ ሲንገጫገጭ ብየዳው ይለቃል፣ ቤንዚኑ አሸዋ ይጠጣዋል። ጄኔራል ኦኪንሌክ ከዋናው ማከማቻ ወጥቶ ተጠቃሚው ዘንድ እስኪደርስ ድረስ 30 በመቶው ያህል እንደሚባክን ገምቶ ነበር። ከመቶ ሠላሳ! ያንን ነዳጅ ከባሕር ማዶ የሚያመጡት መርከቦች ስንት መከራ አይተው እንደሚደርሱ አስቡት። ቆርቆሮው የተዋጣለት ለሻይ ነበር ይባላል፤ ቆርጠው አሸዋ ይሞሉበትና ቤንዚን አርከፍክፈው ውሃ ያፈሉበታል። «የቤንጋዚ ምድጃ» ይሉታል።

ጀርመኖች ግን በ1937 ነገሩን ጨርሰውታል። ሁለት የብረት ግማሾች በብየዳ ተጋጥመው 20 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ሆኑ። ጎኑ ላይ የተጫነው የ‹ኤክስ› ቅርጽ ለጌጥ አይደለም፤ ብረቱን ያጠነክረዋል፣ ሙቀት ሲያብጠውም ቦታ ይሰጠዋል። ክዳኑ ተጭኖ የሚቆለፍ ነው፤ መፍቻ አይፈልግም። አናቱ ላይ የሚቀረው አየር ቤንዚን ሞልቶም ውሃ ላይ ያንሳፍፈዋል። እጀታው ለምን ሦስት ሆነ? ሙሉውን ሁለት ሰው በዳርና በዳሩ ይይዘዋል፤ ባዶውን ግን አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ያነሳል። (እኔ እስከ ስንት ዓመቴ ድረስ ሦስቱ እጀታ የፋብሪካ ስህተት ይመስለኝ ነበር!)

በ1939 ፖል ፕላይስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ከአንድ ጀርመናዊ ባልደረባው ጋር ከበርሊን ወደ ሕንድ በመኪና ሲነሳ የውሃ መያዣ ቸገራቸው። ጀርመናዊው በርሊን ካለው የቴምፕልሆፍ አውሮፕላን ማረፊያ ክምችት ሦስት አመጣና ከመኪናው ሥር አሰሯቸው። ፕላይስ አገሩ ገብቶ ለጦሩ ቢያሳይ መጀመሪያ የሰማው የለም። በኋላ ሲሠሩትም ብየዳውን ትተው ጠርዙን አጠፉት፣ ክዳኑንም በመፍቻ የሚከፈት አደረጉት። ዋናውን ነገር አወጡለት ማለት ነው።

ሰሜን አፍሪካ ላይ ያሉት የእንግሊዝ ወታደሮች ግን ማንንም አልጠበቁም። የማረኩትን ሁሉ የራሳቸው አደረጉት፤ በ1942 ከጀርባ እየገቡ አውሮፕላን የሚያቃጥሉት ጂፖች ዙሪያቸውን የጀርመን ዕቃ ደርድረው ነበር የሚሄዱት። ጀርመንን በቅጽል ስም «ጄሪ» ይሉት ስለነበር ዕቃውም «ጄሪካን» ተባለ። እናታችን ከቦኖ የምትቀዳበት፣ አህያው የሚጫንበት ቢጫ ፕላስቲክ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ስሙ እንጂ ብረቱ አልደረሰንም።

ልጁ ይሄን ሁሉ ሰምቶ፣ «ጋሼ፣ የውሃውንና የቤንዚኑን በምን ይለዩት ነበር?» አለኝ። ጎበዝ ተማሪ ማለት ይሄ ነው። ጀርመኖች የውሃው ላይ ትልቅ ነጭ መስቀል ይቀቡበት ነበር። ሚሌ ስንደርስ አዲስ ጀሪካንና ነጭ ቀለም ገዛን። ቀለሙን እየቀባ ሳለ አንድ የሱቅ ባለቤት ቀርቦ «ለበረከት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

«ኧረ ለውሃ ነው» አለው።