ከአብራሪው በፊት የተገኘ ሚዛን

በተማሪ እጅ የሚሠራ የአውሮፕላን ሞዴል የትልቁ አውሮፕላን ታናሽ ቅጂ ነው ተብሎ ይታሰባል። ታሪኩ የሚያስረዳው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሞዴሉ ቀደመ፣ ትልቁ ተከተለ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ጆርጅ ኬይሊ በ1804 የሠራው ሞተር አልባ ሞዴል በአንድ ዘንግ ላይ የታሰረ ካይት መሰል ክንፍና የሚስተካከል ጭራ ነበረው። የክብደቱን ማዕከል ለመለወጥም ቦታው የሚዛወር ጭነት አድርጎበት ነበር።

ይህን ሐሳብ በሚገባ ያራመደው ፈረንሳዊው አልፎንስ ፔኖ ነው። ኦገስት 18 ቀን 1871 በፓሪስ ቱይለሪ መናፈሻ፣ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በተጠመዘዘ ላስቲክ የሚሠራ ሞዴሉን በሰው ፊት ለቀቀ። ሞዴሉም በ11 ሰኮንድ 40 ሜትር ያህል በረረ። ርቀቱ ብዙ አይደለም። ትልቁ ቁም ነገር የሚቆጣጠረው ሰው ሳይኖር ሚዛኑን መጠበቁ ነው። ይኸውም የጭራው የፊት ጠርዝ ከኋላው ጥቂት ዝቅ ስላለ አየሩ ጭራውን ወደ ታች ይጫነዋል፤ ክብደቱ ደግሞ ወደ ፊት ያደላል። አፍንጫው ሲዘቀዝቅ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ በጭራው ላይ ያለው ግፊት ስለሚበረታም አፍንጫው ይቃናል። ሲያንጋጥጥ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀንስና የፊቱ ክብደት ዝቅ ያደርገዋል።

ፔኖ በ1876 ከባልደረባው ጋር ሰው የሚጭን አውሮፕላን ቢነድፍም የሚያሠራበት ገንዘብ አላገኘም። በ1880፣ በ30 ዓመቱ፣ ራሱን አጠፋ። የራይት ወንድማማቾች በ1878 ከአባታቸው የተቀበሉት በራሪ አሻንጉሊት በእርሱ ንድፍ የተሠራ ነበር። ስለ ራይቶች ስናስተምር የዚህን ሰው ስም ዘለን ማለፋችን ተገቢ አይመስለኝም።

በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካውያን መንትዮች ዋልተርና ዊልያም ጉድ ሞዴልን በሬዲዮ መምራት ቻሉ። ይሁን እንጂ ሬዲዮ የሚያዘው መሪዎቹን ነው፤ ያለቦታው የተቀመጠውን ክብደት አያዛውርም። ስለዚህ ዛሬም ጀማሪው ባትሪውንና መሣሪያውን ሁሉ ከጫነ በኋላ ሞዴሉን በሁለቱ ክንፎች ሥር በጣቶቹ ጫፍ ደግፎ ያነሣዋል። ለተለመደው የጀማሪ ሞዴል የድጋፉ ነጥብ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነሥቶ የክንፉን ስፋት ከሩብ እስከ ሢሶ ያህል ገባ ብሎ ይገኛል። ጭራው ካዘቀዘቀ ባትሪው ወደ ፊት ይጠጋል፤ ካልበቃም በአፍንጫው ላይ ጥቂት ብረት ይታሰራል። አፍንጫው በጥቂቱ ቢከብድ ሞዴሉ እየተጎተተም ቢሆን ይታዘዛል። ጭራው የከበደ ሞዴል ግን ገና ከእጅ ሲለቀቅ ቀጥ ብሎ ያንጋጥጥና ፍጥነቱን አጥቶ ይወድቃል።